በጥርኝ ቤት አፍንጫ አይያዝም

“ጭራውን ሳቢ! ወደ ራስሽ ሳቢው እንጂ፣ ምን ታሻሺዋለሽ?” አሉ አቶ አብዱልአዚዝ።

ሀጅራ ሳበች። ከቀርከሃው ማጎሪያ ጀርባ ባለችው ጠባብ መዝጊያ በኩል የወጣው ጭራ፣ ቅቤ የነካ ገመድ ይመስል ከእጇ ሊያመልጥ ይታገላል። ማጎሪያው ውስጥ ያለው ጥርኝ እንደ ድመት አይጮኽም፤ ከሆዱ ያጉረመርምና በአፍንጫው ይነፋል። ከድመት የሚተልቅ፣ ከውሻ የሚያንስ ዥጉርጉር አውሬ ነው። ማጎሪያው በልኩ የተሰፋ ልብስ ያህል ጠቦታል። ዞሮ እንዳይነክስ ተብሎ መዞሪያ ቦታ አልተተወለትም።

“የኋላ እግሮቹንም አብረሽ ያዢ። እንደሱ። ቢስሚላህ።”

አማቿ የቀንድ ማንኪያቸውን አነሱ። ከጭራው ሥር ያለውን ከረጢት በግራ እጃቸው ጨምቀው ገለበጡት። ከውስጡ መግል የመሰለ ቢጫ ቅባት ብቅ አለ። ማንኪያውን አስገብተው ይፍቁ ጀመር። ጥርኙ ጮኸ፤ አሁን የጮኸው ግን እንደ አውሬ ሳይሆን እንደ ሰው ነው። ሽማግሌው የፋቁትን ወደ ትልቁ የበሬ ቀንድ ጠረጉና ከረጢቱን ቅቤ ቀብተው “ጎበዝ” አሉት። ሀጅራን ይሁን ጥርኙን አልታወቀም።

ዝባድ ማለት እንግዲህ ይኸው ነው። ከዚህ ከጨለለቅቱ ጥግ በቀንድ ታሽጎ አዲስ አበባ ይሄዳል፤ ከአዲስ አበባ ባህር ተሻግሮ ፈረንጅ ሽቶው ውስጥ ይጨምረዋል፤ ሽቶው ቶሎ እንዳይጠፋ የሚያደርገው እሱ ነው ይባላል። እዚያ ማዶ አንዲት ሴት አንገቷ ሥር ጠብ ታደርገዋለች። እዚህ ደግሞ ሀጅራ ጭራ ትይዛለች።

ስለ ሽታው ምን ይባላል? ከሩቅ ሲመጣ የከረመ ቅቤና ያልታጠበ ብብት ይመስላል። ቀረብ ሲሉት የሽንት ቤት ጉድጓድ ይጨመርበታል። ፊቷ ከጭራው በስንዝር ርቆ እዚህ ሲሸት ግን ምንም አይመስልም፤ ምላስ ላይ ተቀምጦ ቢውጡት የማይወርድ ነገር ነው። ቤቱ መስኮት የለውም። ጥርኝ የሚሰጠው ሲሞቀው ነው ተብሎ መሃል ላይ እሳት ሲጨስ ይውላል፣ ሲጨስ ያድራል። ጭሱና ሽታው ተጋብተው በግድግዳው ላይ ወዝ ሆነው ይወርዳሉ። ሀጅራ ቆዳዋን አውልቃ ብትጥለው ደስ ባላት። አስጠላት፤ ከልቧ አስጠላት።

ዛሬ እዚህ ቤት የገባችው በችግር ነው። ሁልጊዜ ጭራ የሚይዘው ጋዲሳ ዘመድ ሞቶበት ኮንጋ ለቅሶ ላይ ነው። ባሏ ሳዳም በአይሱዙው ቡና ጭኖ አዲስ አበባ ሄዷል። ዝባዱን የሚገዛው ከፍያለው ደግሞ ከቀትር በኋላ እደርሳለሁ ብሎ ደውሏል። አግብታ እዚህ ከመጣች ጀምሮ የጥርኝ ቤቱን ደፍ አልረገጠችም ነበር፤ እንግዳ ሰው አይገባበትም፣ ሙሽራም እስኪለመድ እንግዳ ነው። ዛሬ ጠዋት ግን ሽማግሌው በሯ ላይ ቆመው፣ “ሀጅራ ልጄ፣ ዛሬ የቤት ሰው ትሆኛለሽ” አሏት። እህታቸው እትዬ ሙሉካ ከማድ ቤት ሆነው ሰምተው እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸውም። እንዲህ ያለውን ክብር እምቢ ማለት አይቻልም።

ክብሩ ከነሕጉ ነው። በጥርኝ ቤት አፍንጫ አይያዝም፣ አይተፋም፣ “ኡፍ” አይባልም። “ጥርኝ ኩሩ ነው” ይላሉ አቶ አብዱልአዚዝ። “የናቀውን ሰው አይረሳም። ከተናቀ ያኮርፋል፤ ካኮረፈ ዝባዱን ይቆልፋል።” ይህን ከአባታቸው፣ አባታቸውም ከአያታቸው ሊሙ ሳሉ የወረሱት ነው። ሽቶ ተቀብቶ መግባትም እንዲሁ ክልክል ነው። እናቷ በሰርጓ ጊዜ ሻንጣዋ ውስጥ የከተተችላትን ሽቶ አማቿ በሁለት እጃቸው ተቀብለው፣ በጨርቅ ጠቅልለው፣ “ይሄ እናትሽ ጋ ይቀመጥ” ብለው ዲላ መልሰውታል። ሽቶ የሚወጣበት ቤት ሽቶ አያስገባም፤ ወይ ጉድ!

ይህ ሕግ ቀልድ እንዳልሆነ ሀጅራ ታውቃለች። የሳዳም ታላቅ ወንድም የመጀመሪያ ሚስት በዚህ ደፍ ላይ አፍንጫዋን በነጠላዋ ሸፍና ተገኘች፤ በማግስቱ ዕቃዋ ባጃጅ ላይ ተጭኖ ወናጎ እናቷ ቤት ተመለሰች። ባሏ አልተከተላትም። ሳዳምም ቢሆን አባቱ ቁጭ በል ካሉት ቆሞ የማያውቅ ልጅ ነው። ሀጅራ ሳዳምን ትወደዋለች። ከእሱ ጋር የምትኖርበት ቤት ደግሞ ይኸው ነው፣ ሌላ የለም።

እሷ ብቻ የምታውቀው ሌላም ነገር አለ። ወር አበባዋ ከቀረ ሰንብቷል። ባለፈው ስታረግዝ ገና በጠዋቱ ተናግራ፣ ሰፈሩ ሁሉ “እንኳን ማርያም ማረችሽ” ለማለት ሲዘጋጅ ወርዶባት ነበር፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ጎረቤት ከንፈሩን ሲመጥላት ከረመ። አሁን ለሳዳም እንኳ አልነገረችም። ሆድ ይፍጀው ብላ ይዛዋለች።

“ባላባት ቀረ” አሉ ሽማግሌው፣ ወደ መጨረሻው ማጎሪያ እየተጠጉ።

ባላባት ከሁሉ ትልቁ፣ ከሁሉ ብዙ የሚሰጠው፣ ሽማግሌው ራሳቸው ጫካ አድብተው የያዙት ጥርኝ ነው። ከሌሎቹ ይልቅ ዝም ያለ ነው፤ አያጉረመርምም። ሀጅራ ጭራውን ስባ ስታነሳ ለምን ዝም እንዳለ ገባት። ከረጢቱ ዳር ዳሩን ቆስሏል። ቁስሉ ቅርፊት ይዟል፣ ቅርፊቱ ላይ የትናንት ቅቤ ደርቋል፣ ቅቤው ላይ ዝንብ አለ። አማቿ ቅርፊቱን በማንኪያው ጫፍ፣ ከድስት ላይ የደረቀ ቅሪት እንደሚያነሳ ሰው፣ ገፋ አደረጉት። ከሥሩ ደም የቀላቀለ ቢጫ ወጣ። እሱንም ወደ ቀንዱ ሊጠርጉት ማንኪያውን አነሱ።

“ኡፍ!” አለች ሀጅራ። ጭራውን ለቀቀች፤ አፍንጫዋን ያዘች፤ ተፋች። ከዚያ ጎንበስ ብላ የጠዋት ሻይዋንና ቆጮዋን እግሯ ላይ፣ መሬቱ ላይ፣ የባላባት ማጎሪያ ጠርዝ ላይ አወረደችው። ሦስቱንም ክልክል ባንድ ትንፋሽ ፈጸመች።

ባላባት ጥርሱን አሳየና ወደ ማጎሪያው ጫፍ ተሸሸገ። አቶ አብዱልአዚዝ ማንኪያውን ቀስ ብለው ቀንዱ ላይ አኖሩት። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻላት ነበር።

“ውጪ” አሏት ብቻ።

*

እትዬ ሙሉካ ከእንሰቱ ሥር ውሃ ያፈሱላታል፣ አፋቸው ግን ከውሃው ይበልጥ ይፈስሳል።

“ምን ነካሽ አንቺ ልጅ? ያ ረቢ! በባላባት ፊት? ሌላው ላይ ቢሆን እኮ... ወንድሜ ይሄን ያህል ወዶሽ፣ ይሄን ያህል አክብሮሽ! የተማረች ናት፣ የከተማ ልጅ ናት፣ ግን አትንቀንም እያለ ለሰው ሁሉ ሲያወራ!”

“አልናቅሁም እትዬ።”

“አልናቅሁም ይባላል? አስታውከሽበት?”

ሀጅራ እጇን በሳሙና፣ ከሳሙናው በኋላ በአመድ፣ ከአመዱ በኋላ በሎሚ አሸችው። አይለቅም። ደግሞ እንደማይለቅ ታውቃለች፤ ጥርኝ ቤቱ ሳትገባ እንኳ የግቢው ሽታ ልብሷ ላይ ያድራል። ጨለለቅቱ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ስታስተምር የፊት ወንበር ተማሪዎች ቀስ በቀስ ወደ ኋላ ይሸሻሉ። ዲላ እናቷ ጋ ስትሄድ ሚኒባሱ ውስጥ አንዱ መስኮት ይከፈታል፣ ከዚያ ሌላው፤ ማንም ምንም አይላትም፣ ሁሉም ወደ ውጭ ያያል። አባቷ ከቡታጅራ በኩል መጥቶ ዲላ ላይ ሱቅ የከፈተ የጨርቅ ነጋዴ ነው፤ ልጁ ስትመጣ ከጣቃዎቹ ራቅ አድርጎ ያስቀምጣታል። ጨርቅ ሽታ ይይዛል፣ ምን ያድርግ።

ሽማግሌው ከጥርኝ ቤቱ ወጥተው በርጩማቸው ላይ ተቀመጡ። ፊታቸውን ወደ ቡናው አዞሩ። እሷን ላለማየት መሆኑን ሀጅራ አወቀች፤ ይህ ከሁሉም በላይ አመማት። እኚህን ሰው ትወዳቸዋለችና።

የወደደቻቸው በዓሣ ነባሪ ነው ቢባል ማን ያምናል! ዲላ ዩኒቨርሲቲ ሳለች አንድ የባህር ልብወለድ አንብባ ነበር። ባህር አይታ አታውቅም፤ የምታውቀው ትልቅ ውሃ አባያ ሐይቅ ነው፣ እሱንም በአውቶቡስ መስኮት። በመጽሐፉ ውስጥ መርከበኞች ዓመታት ሙሉ ዓሣ ነባሪ ሲያሳድዱ ይኖራሉ፤ ወግተው ገድለው ከመርከቡ ጎን አስረው ይበልቱታል። አንድ ቀን ከአንዱ የታመመ ዓሣ አንጀት ውስጥ ግራጫ ሰም የመሰለ ነገር ያገኛሉ፤ ሲያወጡት ይገማል፣ ሲከርም መልካም ይሸታል፣ ስሙ አምበር ነው፣ የነገሥታት ሽቶ ይሆናል። እዚህ ቤት ሙሽራ ሆና በመጣች ሰሞን፣ የምትለው ጠፍቷት ይህን ታሪክ ለአማቿ አወራች።

“አምበር!” ብለው ከመቀመጫቸው ተነሱ። “አያቴ ሊሙ ሲነግድ ዓረቦቹ ለሽቶ ሦስት ነገር ነበር የሚጠሩት። ሚስክ፣ አምበር፣ ዝባድ። ሚስኩን አውቀዋለሁ፣ ከሚዳቋ ነው። ዝባዱ የኛ ነው። አምበሩ ግን ከየት እንደሚመጣ ማንም ነግሮኝ አያውቅም። የባህር ጥርኝ ነዋ!”

“ጥርኝ እንኳ አይደለም አባባ። ዓሣ ነው። ይሄን ቤት ብዙ እጥፍ ያክላል።”

“ታዲያ ጭራውን ማን ይይዘዋል?”

“አይያዝም። ይገድሉታል።”

“ገድለው?” ሽማግሌው እስኪያስላቸው ሳቁ። “ሞኞች! ለሚቀጥለው ሳምንት ከማን ሊቀዱ ነው?”

ከዚያ ወዲህ ከጁምዓ ሶላት ሲመለሱ “እስቲ ያቺን የባህሯን” ይላሉ። አንድ ቀን፣ “መርከበኞቹ አፍንጫቸውን ይይዙ ነበር?” ብለው ጠየቋት። ሀጅራ በመጽሐፉ ውስጥ ምን እንዳለ ታስታውሳለች። የሽማግሌውን ዓይን አየችና፣ “ኧረ አይይዙም አባባ” አለች። ደስ አላቸው። “አየሽ፣ ነገሩ ይገባቸዋል ማለት ነው” አሉ። ውሸቷ ትንሽ ነበረች፣ ሽማግሌ ለማስደሰት የተዋሸች።

አሁን ፊታቸውን አዙረው ቁጭ ብለዋል።

“አባባ” አለች ቀረብ ብላ። “ይቅርታ ያድርጉልኝ።”

“እኔን አይደለም የናቅሽው” አሉ ዘወር ሳይሉ። “ባላባት ቆልፏል። አየሁት። ሳዳም ሲመጣ እነግረዋለሁ፤ የሚያደርገውን እሱ ያውቃል።”

የወናጎዋ ሴት ዕቃ ባጃጅ ላይ ሲጫን ሀጅራ አላየችም። ግን እዚህ ቆማ ታየው ጀመር፤ የራሷን ፍራሽ፣ የራሷን ሻንጣ፣ በላዩ ላይ እትዬ ሙሉካ የሚያስቀምጡላትን የስንቅ ቆጮ።

*

ከፍያለው እንዳለው ከቀትር በኋላ ደረሰ። ፒክአፑን መንገድ ላይ ትቶ፣ ጭቃውን በሱሪው ይዞ፣ እየሳቀ መጣ። ሳቂታ ነው። ዓመታት ዝባድ ሲነግድ አፍንጫው ሞቶ ይሁን ሆዱ ሰፍቶ፣ ለእሱ የማይጥመው ነገር የለም።

“ጋሼ አብዱልአዚዝ! እንዴት ናችሁ? ጥርኞቹስ?”

“ስለ ጥርኝ አይጠየቅም፤ ከተጠየቀ ይሞታል” አሉ ሽማግሌው። እንግዳ ፊት ማኩረፍ ነውር ነውና ተነስተው ጨበጡት።

ቀንዱ መጣለት። ከፍያለው በስንጥር ጨለፍ አድርጎ ነጭ ወረቀት ላይ ቀባው፣ ወረቀቱን ወደ ብርሃን አነሳው፤ ከዚያ በጣቱ ወስዶ የእጁ አንጓ ላይ አሸውና አፍንጫው ሥር አድርጎ ዓይኑን ጨፈነ። ሀጅራ ከማድ ቤቱ ግድግዳ ተደግፋ ታየዋለች። ጣቱ ላይ ካለው ቢጫ መሃል ቀይ ክር አየች። የባላባት ደም ነው። ከቁስሉ የመጣውን ሽማግሌው ቀንዱ ውስጥ ጨምረውት ኖሯል።

“ወርቅ ነው!” አለ ከፍያለው። “ቅቤ የለበት፣ ሙዝ የለበት። ሌላው እኮ ሙዝ እየለወሰ ይልክልኛል። እርስዎ ጋ ግን... ማሻአላህ ልበል እኔም።” ጣቱን በእንሰት ቅጠል ጠረገና እትዬ ሙሉካ ያቀረቡለትን ቆጮና አይብ በዚያው እጅ ጠቀለለ። ጎረሰ። አላመጠ። “ፈረንጆቹ ብቻ አሁን አሁን ነገር አምጥተዋል። ጥርኙ ይሰቃያል ወይ ይላሉ። እኔ ደግሞ አንድ ሽማግሌ አሉ፣ አፍንጫ የሚይዝ ሰው እንኳ ቤታቸው አያስገቡም፣ ከልጃቸው በላይ ነው የሚያከብሩት እላቸዋለሁ። ደስ ይላቸዋል!”

ቆጮው ከአፉ ጥግ ወደ ውጭ ብቅ ሲል ሀጅራ እንደገና አቅለሸለሻት። ወደ ግድግዳው ዞረች። ጭቃው በዝናቡ ርሶ ጥሩ ሽታ አለው፣ ንጹሕ ሽታ። በጥፍሯ ፈልቀቅ አድርጋ አፏ ውስጥ ከተተችው። የምታደርገውን አላወቀችም፤ ብታውቅ አታደርገውም ነበር።

እትዬ ሙሉካ ግን አዩ።

“አንቺ!” አሉ፤ ሰሃኑን አስቀመጡ። “ምንድነው አፍሽ ውስጥ ያለው? አፈር ነው? አፈር ትበያለሽ?”

ሀጅራ አፏን ጠረገች።

“ቀና በይ እስቲ። እዪኝ። ወላሂ! ስንተኛ ወርሽ ነው?” መልስ አልጠበቁም። ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጭነው ወደ ወንድማቸው ሮጡ። “አብዱልአዚዝ! ልጅቷ አልናቀችህም! አርግዛ ነው! አርግዛ ነው ያስታወካት!”

ከዚህ በኋላ የሆነው ሁሉ በአንድ አፍታ ሆነ። ከፍያለው አጨበጨበ። “የኔዋ ሚስት በመጀመሪያው ልጃችን ጊዜ እኔን ራሴን ስታይ ነበር የሚያስመልሳት!” አለ። እትዬ ሙሉካ ጠዋት የዋጡትን እልልታ ለቀቁት። አቶ አብዱልአዚዝ ቆመው ቀሩ። ከዚያ ፊታቸው ተፈታ፤ ዓይናቸው በእንባ ሞላ፤ ወደ ሀጅራ መጥተው ግንባሯን ሳሙ። እጃቸው ይሸታል፤ ትንፋሿን ዋጠች።

“እኔ ክፉ!” አሉ። “ነፍሰ ጡር ሴት ጭራ አስይዤ! ለምን አልነገርሽኝም ልጄ? አላህ ሳይደግስ አይጣላም። ነፍሰ ጡር ብታስታውክ ነውር የለበትም፣ አባቴም ይሄን ብሏል። ንቀት አይደለም። ሆዷ ነው እንጂ እሷ አይደለችም።”

“ታዲያ ባላባትስ?” አሉ እትዬ ሙሉካ።

“ይነገረዋል። ቀላል ነው። ገንፎውን በእጇ ታብላውና ‘ሆዴ ነው’ ትበለው። ይሰማል። ነገ ይሰጣል።” ወደ ሀጅራ ዞሩ፤ እንዲህ ሲስቁ አይታቸው አታውቅም። “ወንድ ከሆነ ደግሞ ጭራውን እሱ ይይዛል። ሴት ከሆነችም ትይዛለች፣ ዘመኑ ተለውጧል። እኔ ራሴ አስተምራለሁ፣ ኢንሻአላህ።”

ሀጅራ ፈገግ አለች፤ ፊቷ ፈገግ አለ ማለት ይሻላል። እንዴት ያለ ማምለጫ ነው የሰጧት! ባጃጁ ተመለሰ፣ ፍራሿ ቦታው ነው፣ ሳዳም የእሷ ነው። ከእሷ የሚፈለገው አንዲት ቃል ናት፤ እሷም ብትሆን ግማሿ እውነት ናት። እትዬ ሙሉካ የገንፎውን ሳህን እጇ ላይ አኖሩላት። ሞቃት ገንፎ ነው፣ ቅቤና እንቁላል የገባበት፣ ከሰው ምግብ የሚሻል።

*

ሽማግሌው ቀድመው ገቡ። እሳቱ ይጨሳል። ጠዋት ያስመለሰችው ላይ አመድ ተበትኖበታል። ባላባት ከማጎሪያው ጫፍ ላይ እንደተሸሸገ ነው፤ ከኋላው ያለው ቀርከሃ በደም ረጥቧል።

“በይ እንግዲህ” አሉ በለሆሳስ፣ በሙሽራ ፊት እንደሚናገር ሰው። “ሆዴ ነው በይው። እኔም ምስክር ነኝ።”

ሀጅራ አፏን ከፈተች። ሽታው ገባ። ከጠዋቱ የባሰ ሆነባት፤ ጠዋት አታውቀውም ነበር፣ አሁን ከምን እንደሚመጣ ታውቃለች። ሆዷ ውስጥ ያለውን አሰበች። ከዓመታት በኋላ እዚህ ቆሞ፣ በትንሽ እጁ ጭራ ይዞ፣ ከፊቱ ያለው ሁሉ ምንም ሳይሸተው ታያት። ያስፈራት ይህ ነው፤ አለመሽተቱ።

“አባባ” አለች። “ማርገዜ እውነት ነው።”

“አልሐምዱሊላህ። ሰማህ ባላባት?”

“ያስታወከኝ ግን እርግዝናው አይደለም። ባላረግዝም ያስታውከኝ ነበር።”

ሽማግሌው የፈገግታቸውን ግማሽ እንደያዙ ቀሩ።

“ከመጣሁበት ቀን ጀምሮ ያስጠላኛል” አለች። አላቆመችም፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። “ሽታውማ ይለመድ ይሆናል። ቁስሉን ነው የጠላሁት። ቁስሉን ፍቀን ቀንዱ ውስጥ የምንጨምረውን ነው። ሰውዬው ጣቱን ጠርጎ ሲበላበት አየሁት። ያ ያስጠላኛል።”

“እኔንም ትጠይኛለሽ ማለት ነው?”

“እርስዎን እወድዎታለሁ። ያስቸገረኝም ይኸው ነው።”

ከውጭ የከፍያለው ሳቅ ይሰማል፤ ስለ ሚስቱ ለእትዬ ሙሉካ እያወራ ነው። አቶ አብዱልአዚዝ ከግድግዳው ሥር ያለችው ጉቶ ላይ ተቀመጡ። ጠዋት ከነበራቸው ዕድሜ ያረጁ መሰሉ። ሀጅራ መውጣት ትችላለች፤ በሩ ክፍት ነው። ግን አንድ ነገር ቀርቷታል።

“ያ የባህሩ ታሪክ” አለች። “መርከበኞቹ አፍንጫቸውን አይይዙም ብዬዎት ነበር። ዋሽቼዎት ነው። በጨርቅ ጠፍረው ነበር የሚሰሩት።”

ሽማግሌው ቀና አሉ። “ሁሉም?”

“ሁሉም። አለቃቸው ሳይቀር።”

ሽማግሌው እጃቸውን አገላብጠው አዩት፤ ከዚያ ጉልበታቸው ላይ መልሰው አኖሩት። ሊያባርሯት ይሆናል፣ ነገ ዕቃዋ ሊጫን ይሆናል፣ ሳዳምም ቁጭ በል ሲባል ቁጭ ይል ይሆናል። ባላባት ግን ከትናንት ጀምሮ አልበላም፤ ዝባድ የሚቀዳበት ቀን አያበሉትም።

ሀጅራ ሳህኑን መሬት አኖረች። የሻሿን ጫፍ ፈታች፤ ሁለት ጊዜ አጠፈችው፤ በአማቿ ዓይን ፊት፣ ሳትቸኩል፣ አፍንጫዋና አፏ ላይ አድርጋ ከማጅራቷ ኋላ ጠበቅ አድርጋ ቋጠረችው። ከዚያ ሳህኑን አነሳች። ከገንፎው ጨብጣ እጇን በቀርከሃው መሃል አስገባች።

“ብላ” አለችው። ድምጿ በጨርቁ ታፍኖ የሌላ ሰው ይመስላል።

ባላባት ለረጅም ጊዜ አሸተተ። በሆዱ ተስቦ መጣ። ሸካራ ምላሱ ጣቷን ነካው።

ከኋላዋ፣ ከጉቶው ላይ፣ የሽማግሌው ድምፅ መጣ። “ጣትሽን አጠፍ አድርጊ” አሉ ቀስ ብለው። “ይነክስሻል።”

ሀጅራ ጣቷን አጠፈች፤ ጨርቁን ግን አልፈታችም።